ለመለዋወጫ የሚገዛ የጨረታ ፎርዊል፦ በአደጋ የቆመውን ወይስ በሕመም የቆመውን?

ባለ ሁለት ዲፈረንሻል አሮጌ መኪና ያለው ሰው አንድ ቀን ይህን ስሌት መሥራቱ አይቀርም። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይጮኻል፤ የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት ያንጠባጥባል፤ የአንዱ በር ታች በዝገት አልቋል። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዶ የእያንዳንዱን ዋጋ ጠይቆ ሲደምረው፣ ጋዜጣ ላይ ያየው «ባለበት ሁኔታ» የሚሸጥ ሙሉ መኪና መነሻ ዋጋ ጋ ይደርሳል። «ታዲያ ሙሉውን ገዝቼ ብፈታው አይሻልም?» ይላል።

አንዳንዴ በጣም ይሻላል። አንዳንዴ ግን ከአንድ በሽተኛ መኪና ወደ ሁለት በሽተኛ መኪና መሸጋገር ይሆናል። እኔ በሁለት ላንድክሩዘር ወደ ደቡብ ኦሞና ወደ ዳናኪል እንግዳ እያመላለስኩ የምኖር ሰው ነኝ። ለመለዋወጫ ብዬ ሦስት መኪና ከጨረታ አንሥቻለሁ። ሁለቱ አዋጥተውኛል፣ አንዱ አክስሮኛል። ከሦስቱ የተማርኩትን ነው እዚህ የማካፍለው።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ አሁን የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አብሮ ዘለለ። ስለዚህ ያለንን አሮጌ መኪና ማቆየት ግድ ሆነብን፤ ለዚህም ያገለገለ ዕቃ ያስፈልጋል፤ የጨረታው ግቢም በተጫራች ተሞላ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው

አብዛኛው ተጫራች ግቢ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞተሩ ይነሣል?» ብሎ ነው። እኔ የምጠይቀው «ይህ መኪና በምን ቆመ?» ብዬ ነው። ለመንዳት የሚገዛ ሰው ስለ ሞተር ቢጠይቅ ልክ ነው። ለመለዋወጫ የሚገዛ ግን የሚፈልገው የመኪናውን ታሪክ ነው።

ተገልብጦ የቆመ ላንድክሩዘር እናስብ። ጣሪያው ተጨፍልቋል፣ መስታወቱ ረግፏል፣ ላሜራው ተጣሟል። ለዓይን ያስጠላል፤ ተጫራቹም ይሸሸዋል። ነገር ግን ያ መኪና በተገለበጠበት ጠዋት ሥራ ላይ ነበር። ካምቢዮው ማርሽ ይቀበል ነበር፣ ሁለቱም ዲፈረንሻሎች ይዞሩ ነበር፣ መሪው ይታዘዝ ነበር፣ ሞተሪኖውና (ሞተር ማስነሻው) ዲናሞው ይሠሩ ነበር። የሞተው ጋቢናው ብቻ ነው። መኪናዎ ከወገቡ በታች የታመመ ከሆነ ከዚህ የሚሻል አያገኙም።

አሁን ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ጥግ፣ ዛፍ ሥር፣ አራት ዓመት የቆመ ሌላ ላንድክሩዘር እናስብ። ላሜራው ቀጥ ያለ ነው፤ ቀለሙም ቢታጠብ ያበራል። የጨረታ ዝርዝሩ «ሞተሩ የማይሠራ» ይላል። ተጫራቹ ሞተር አስገብቼ እነዳዋለሁ ብሎ ዋጋውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ነገር ግን በእነዚህ አራት ዓመታት ምን ሆነ? የመሥሪያ ቤቱ ሌሎች መኪናዎች መሄድ ነበረባቸው። የመለዋወጫ ግዥ እስኪፈቀድ ወር ይፈጃል፤ ሹፌሩ ነገ መስክ ይወጣል። መካኒኩ ከቆመው ላይ ሞተሪኖ ይፈታል፣ ሌላ ጊዜ የነዳጅ ፖምፓ፣ ሌላ ጊዜ ቸርኬ፣ ሌላ ጊዜ የፊት መብራት። ይህ ሌብነት አይደለም፤ ሥራው እንዳይቆም ያደረገው ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ገዢው ማወቅ ያለበት ግን እዚያ መኪና ላይ የቀረው ማንም ያልፈለገው ዕቃ መሆኑን ነው።

ያከሰረኝ መኪና እንዲህ ያለው ነበር። የአራት ጎማውን ማርሽ ዱላ ስነካው ወደፈለግሁበት ሄደልኝ፤ ደስ አለኝ። አሸንፌ፣ ከፍዬ፣ በክሬን አስጭኜ ቤት ወስጄ ስፈታው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን ውስጥ ማርሽ የሚባል የለም። ባዶ ቤቱን መልሰው አስረውታል። ዱላው እንደዚያ የለሰለሰልኝ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ስላልነበረ ነው። እኔ ያን መኪና የገዛሁት ደግሞ ለዚያ ሳጥን ብዬ ነበር።

በሕመም የቆመ ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተሰንጥቆ ወዲያው ለጨረታ የቀረበ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ቶሎ መቅረቡን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ባትሪው በቦታው ነው? አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ከየመኪናው የተለቀመ አሮጌ ጎማ ተጭኖበታል? ሥሩ ሣር በቅሏል? ኮፈኑ ውስጥ ብሎኖቹ አቧራ ለብሰዋል ወይስ ቁልፍ የነካቸው ያብረቀርቃሉ? አቧራ የለበሰ ብሎን ለእርስዎ መልካም ዜና ነው።

አደጋም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ፊት ለፊት የተጋጨ ከሆነ ራዲያተሩን፣ የፊት አክስሉንና መሪውን ከሂሳብ ያውጡ። የካምቢዮው ቤት ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ አለመሰንጠቁን በእጅ ባትሪ ይዩ፤ ግጭቱ ሞተሩን ወደኋላ ሲገፋው የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። የተገለበጠ ከሆነ ሞተሩ ተገልብጦ እየሠራ ቆይቶ እንደሆነ ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ ሊገባ ይችላል፤ ሳያጸዱ በሞተሪኖ ለማስነሣት አይሞክሩ። ጎርፍ የዋጠውንና የተቃጠለውን ግን እኔ አልነካም። ውኃ የገባበት ዲፈረንሻል ኩሽኔታው ውስጥ ለውስጥ ዝጎ ይጠብቅዎታል፤ እሳት የነካው ብረትም ጥንካሬውን ያጣል።

የትኛው ጨረታ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኮድ 4 መኪና ሲያስወግዱ በጋዜጣ ያወጣሉ፤ አዲስ ዘመንና ሪፖርተርን የሚከታተል ያገኘዋል። ብዛት አለው፣ ሰነዱም ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ችግሩ ቅድም ያልኩት ረጅም ቆይታ ነው። ከክልልና ከወረዳ የሚወጣው ጨረታ ተጫራቹ አነስ ይላል፤ ሆኖም የማጓጓዣውን ወጪ አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

የጉምሩክ ጨረታ የተወረሰ ዕቃ ነው። እዚያ የሚገኝ መኪና ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ እያለ የተያዘ በመሆኑ ዕቃው የተሟላ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ገዝተው ሊነዱት የሚፈልጉ ስለሚበዙ ግን ለመለዋወጫ በሚያዋጣ ዋጋ ማግኘት ይከብዳል።

የኤምባሲና የእርዳታ ድርጅት መኪና በእንክብካቤ የተያዘ ነው፤ የጥገና መዝገቡ ሳይቀር ሊያገኙ ይችላሉ። ከሁሉ በፊት ግን ማስታወቂያው ላይ «ቀረጥ የተከፈለበት» ወይስ «ቀረጥ ያልተከፈለበት» የሚለውን ያንብቡ። ያልተከፈለበት ከሆነና ክፍያው በገዢው ላይ ከተጣለ፣ ለመፍታት ነው የምገዛው ማለት ከቀረጡ አያድንም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ያረጀ መኪና ታክሱ ይከብዳል። ቀረጥ ያልተከፈለበትን ለመለዋወጫ መግዛት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኪሳራ ነው።

የባንክ ሐራጅ ለዚህ ዓላማ አይሆንም። የሚሸጠው የሚሄድ መኪና ነው፤ ዋጋውም የሚሄድ መኪና ዋጋ ነው።

የትኛው መኪና

ላንድክሩዘር 70 ላለው ሰው መቁጠር የሚችል ዓይን ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ቶዮታ ይህን መኪና ሲያሻሽለው የፊት ባሌስትራውን በጥምዝ ሞላ (ስፕሪንግ) ተካ፤ የጎማ ብሎኑንም ከስድስት ወደ አምስት አወረደው። ስለዚህ ከአጥር ውጭ ቆመው የጎማውን ብሎን ቢቆጥሩ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ያውቃሉ። የእርስዎ አምስት ብሎን ከሆነ ባለ ስድስቱ የፊት አክስሉም፣ ቸርኬውም፣ የፊት ማንጠልጠያውም አይገጥምልዎትም። ይህን ሳያጣሩ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ሞተሩን በተመለከተ የብዙዎቹ ዋን ኤችዜድ ነው፦ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ያለ ቱርቦ፣ ፖምፓው ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በ70 ብቻ ሳይሆን በ80ና በ100 ቤተሰብ መኪናዎችም ውስጥ ገብቷል። ፈላጊው ስለበዛ ነጋዴው በጨረታ የሚሻማው ለዚህ ሞተር ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግዎት ሞተር ብቻ ከሆነ ሙሉ መኪና አይግዙ፤ ሞተሩን ለብቻው ከነሰነዱ ይግዙ። አክስል፣ በር፣ ካምቢዮ፣ የዳሽቦርድ ዕቃና ለብቻቸው የማይሸጡት ትንንሽ መያዣዎች ሁሉ ካስፈለጉዎት ግን ሞተሩ የሞተ ወይም የወጣለት መኪና የተሻለ ነው። ነጋዴው ትቶልዎት ይሄዳልና።

ኒሳን ፓትሮል ላለው ነገሩ ይገለበጣል። ፓትሮል በመንገዳችን ላይ ከላንድክሩዘር ያነሰ ነው፤ ዕቃው ሶማሌ ተራ ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ሙሉ መኪና መግዛት ከአማራጮች አንዱ ሳይሆን ዋናው መንገድ ነው፤ ተጫራቹም ጥቂት ነው። ቲዲ42 የሚባለው 4.2 ሊትር ሞተር ታይሚንግ ቀበቶ የለውም፣ በማርሽ ነው የሚዞረው፤ ለዓመታት ቆሞም ጥሩ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዜድዲ30 የሚባለው 3.0 ሊትር ግን ፒስቶኑን በማቃጠል ስሙ የወጣ ነው፤ እሱ ያለበትን ለአክስሉና ለአካሉ እንጂ ለሞተሩ ብለው አይግዙ። ፓትሮል ለሌላቸው ደግሞ ለሽያጭ ብሎ መፍታት አልመክርም። ገዢ ሲጠብቁ ዓመት ያልፋል።

ሃይሉክስ የሚሸጥ ዕቃ ያለው መኪና ነው። ሥሪ ኤልና ፋይቭ ኤል የሚባሉት የናፍጣ ሞተሮች በሃይስ ሚኒባስም ውስጥ ያሉ ናቸው። የታክሲ ባለቤት ሞተር ሲሰበርበት በየቀኑ ገቢው ይቆማል፤ ቶሎ ይገዛል። የዘይት ካርተሩና መያዣዎቹ እንደ መኪናው ስለሚለያዩ ገዢው የራሱን ይዞ መምጣት ሊኖርበት ይችላል፤ ቴስታታውና የውስጡ ዕቃ ግን ይሠራለታል። አዲሶቹ፣ ማለትም ባለ ቱርቦና ባለ ኮምፒውተሮቹ 2.5ና 3.0 ሊትር፣ ካልተነሡ በቀር የነዳጅ መርጫዎቻቸው ጤና በዓይን አይታወቅም። እንደ ሞቱ ቆጥረው ነው መጫረት።

ላንድሮቨር ዲፌንደር ላሜራው አሉሚኒየም ነው፤ የሚዝገው ሻንሲው ነው። ያልተጣመመ በርና ፓራፋንጎ ያለው ዲፌንደር ካጋጠመዎት ሻንሲው ቢበሰብስም ይግዙት፤ የተጣመመ አሉሚኒየም እንደ ብረት ላሜራ በቀላሉ አይቃናም። የሚትሱቢሺ ኤል200ና ፓጄሮ 2.5 ሊትር ናፍጣ ደግሞ ሃዩንዳይ በፈቃድ ያመረተው ሞተር ስለሆነ ከኮሪያ መኪናዎች ጋር የሚጋራው ዕቃ ብዙ ነው።

ግቢ ውስጥ ሲገቡ

ብዙ ጊዜ ሞተር ማስነሣት አይፈቀድም። ቢሆንም ያለ ባትሪ የሚታይ ብዙ ነገር አለ። ክሪክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ጨርቅና 24 ቁጥር ቁልፍ ይያዙ። የላንድክሩዘር ዲፈረንሻል የዘይት መሙያ ብሎን በ24 ይከፈታል። አስፈቅደው ይክፈቱና ጣትዎን ያስገቡ። ዘይቱ ጥቁር ቢሆን አያስጨንቅም፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል፤ ጣትዎ ላይ የሚያብረቀርቅ ስባሪ ከወጣ ኮሮናና ፒኞኑ (የዲፈረንሻሉ ዋና ጥርሶች) አልቋል። እኔ ያኔ ይህን በዚያ ሳጥን ላይ ባደርግ ኖሮ ጣቴ ባዶውን ያገኘው ነበር።

ትራንስሚሲዮኑን (ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ዘንግ) በእጅ ያዙሩ፤ ክሮቸራው (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ላላ ካለ ቀላል ነው፣ ሲዞር ግን ከውስጥ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ ያስቡበት። ሞተሩ መዞር አለመዞሩን ፊት ባለው ትልቅ ፑሌጃ ብሎን ላይ ቁልፍ አግብተው ይሞክሩ። የራዲያተር ውኃ ላይ የዘይት ዓይን፣ የዘይት መለኪያው ላይ ደግሞ አረፋ ካለ ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታው ሄዷል።

አክስል ለመውሰድ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር እንዳይረሳ አደራ እላለሁ፤ የዲፈረንሻሉ ሬሽዮ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር። የፊቱና የኋላው እኩል ካልሆኑ፣ በደረቅ መንገድ በአራት ጎማ ሲነዱ እርስ በርስ እየተጓተቱ አንዱ ይሰበራል። ልኬቱ ቀላል ነው። ማርሹን ነጻ ያድርጉና ከኋላ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ ያንሡ፤ ጎማውና ትራንስሚሲዮኑ ላይ በኖራ ምልክት ያድርጉ፤ ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር ሲያዞሩ ትራንስሚሲዮኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠሩ። ከአራት ጥቂት ካለፈ 4.1 ነው። ቤትዎ ያለውንም አስቀድመው እንዲሁ ይቁጠሩ። ዲፈረንሻሉ መቆለፊያ (ሎክ) ካለው መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ካልተከፈተ ቆጠራው ይሳሳታል።

ሻንሲውን ለመጠቀም ካሰቡ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ በሜትር ለክተው ያስተያዩ። ሁለቱ ካልተካከሉ ተጣሟል።

ስንት ልጫረት?

ሒሳቡን በወረቀት ላይ በሦስት ረድፍ እጽፈዋለሁ። በመጀመሪያው ለራሴ መኪና በዚህ ዓመት የማስገባውን ብቻ፣ በዛሬ የሶማሌ ተራ ዋጋ። በሁለተኛው እንደሚሸጥ የማውቀውን፣ በገበያው ግማሽ ዋጋ፤ ምክንያቱም ነጋዴ አይደለሁም፣ ሱቅ የለኝም፣ ገዢው ያንን ያውቃል። በሦስተኛው የቀረውን ሁሉ፣ በዜሮ። የተረፈው ላሜራ ለቆራሌው ሲሄድ የሚመጣው ገንዘብ ለጫኝና አውራጅ ቢበቃ ነው።

ከዚያ ወጪው። ብዙ ማስታወቂያዎች በአሸናፊው ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንደሚታሰብ ይጽፋሉ። ለምሳሌ በ500,000 ብር ቢያሸንፉ 575,000 ይሆናል። ክሬን፣ ማጓጓዣ፣ የመካኒክ ጉልበትና የቦታ ኪራይ 60,000 ቢፈጅ 635,000 ደረሰ። የመጀመሪያው ረድፍ ብቻውን የዚህን ሁለት ሦስተኛ ካልሸፈነ እኔ ኤንቨሎፕ አላስገባም። «የቀረውን እሸጠዋለሁ» የሚለው ተስፋ ነው ብዙ ሰው ያከሰረው።

ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አስይዘው አሸንፈው በተባለው ቀን ካልከፈሉ ገንዘቡ አይመለስም፤ ስለዚህ ቀሪው ገንዘብ ሳይዘጋጅ አይጫረቱ። በሐራጅ ከሆነ ደግሞ ጣሪያዎን ቤት ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ እዚያ ቆሞ ደም ሲሞቅ የተወሰነ ዋጋ ልክ ሆኖ አያውቅም። ተመሳሳይ መኪና ያለው ወዳጅ ካለዎት ሁለት ሆኖ መግዛት ጥሩ ነው። የፊት አክስሉን ማን፣ ካምቢዮውን ማን እንደሚወስድ ግን ከጨረታው በፊት በጽሑፍ ይስማሙ።

ወረቀቱ

መኪናውን ከፈቱት በኋላ ሰሌዳውና ሊብሬው ተመልሶ ከምዝገባ መሰረዝ አለበት፤ ካልተሰረዘ የማይኖር መኪና በስምዎ ላይ ይቀራል፣ የቦሎ ዕዳም ይከተለዋል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ ሞተሩን የሚገዛዎት ሰው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ይፈልጋል። የአሸናፊነት ደብዳቤውን፣ የክፍያ ደረሰኙንና የርክክብ ቅጹን ብዙ ኮፒ ያድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ገዢ ከውል ጋር አንድ ይስጡ። የቁጥሩ ቦታ የተፋቀ ወይም በስቱኮ የተሸፈነ መኪና ካጋጠመዎት ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ይተዉት።

መኪናውን ባዩበት ቀን ከሁሉም አቅጣጫ፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ ከሥሩም ገብተው ፎቶ ያንሡ። በማየትና በመረከብ መካከል ሳምንታት ያልፋሉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ዲናሞ ሊጠፋ፣ ጎማ ሊቀየር ይችላል። ለርክክብ ሲሄዱ ፎቶውን ይዘው፣ መካኒክዎን አስከትለው፣ አንድ በአንድ ያስተያዩ፤ የጎደለ ካለ ቅጹ ላይ ሳይጻፍ አይፈርሙ።